በሁለት አቆጣጠር የሞላው ዲስክ

መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ስርጉት፣

ይህን ደብዳቤ ያደረሰልሽ ዋኘው ነው፤ ሰሊጥ ጭኖ ከመተማ ጎንደር የሚመላለሰው ሾፌር። ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ በእጅሽ ሳይሰጥሽ እንዳይመለስ አስምዬ ነው የላክሁት። «ሰው ማስማል አሁንም አልተወም» ትዪ ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ ዐመል ሆኖብኝ ነው መሰለኝ።

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል። እኔ ግን ጽሕፈቴን ስታውቂው ሁለተኛው መስመር ላይ ሳትደርሺ ልትጥዪው ስለምትችዪ ዋናውን ላስቀድም። የባየልኝን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንቺ አልነካሽውም። ይህንን ካወቅሁ ደግሞ ዓመት ሆኖኛል። ከዚህ በኋላ ያለውን ካልፈለግሽ አታንብቢው። ከወረቀቱ ጋር የተላከችውን ቋጠሮ ግን አትጣያት፤ የእናትሽ ናት።

ከመጀመሪያው ልነሣ። በጋሽ ትዕዛዙ ፎቶ ቤት አብረን ስንሠራ እኔ «ኢንጂነር» ነበርሁ። ስሙን ያወጡልኝ የባጃጅ ልጆች ናቸው፤ ለቀልድ ነበር፤ እኔ ግን የምር ወሰድሁት። ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ሳሉጎች ለቤተሰብ ድምፃቸውን የሚልኩበት ሲያጡ፣ «እኛ እንቅዳላቸው፤ ሚሞሪ ላይ ጭነን ወደ አገሩ ለሚመለስ ሰው እንስጥ» ያልሽው አንቺ ነሽ። እሑድ እሑድ ደጃፋችን ላይ የሚሰለፈው ሰው ትዝ ይልሻል? አንዱ ስለ በሬው፣ አንዱ ስለ ሚስቱ ያወራል፤ አንዱ ደግሞ ማይኩን ሲያይ አፉ ተሳስሮ ለእያንዳንዱ የሰጠነውን አምስት ደቂቃ «እንዴት ናችሁ፣ እንዴት ናችሁ» ሲል ይጨርሰዋል። ጋሽ ትዕዛዙ ይህ ሐሳብ የእኔ ይመስላቸው ነበር። አላረምኋቸውም።

ባየልኝ የመጣው በጥቅምት 2016 ነው። ወንድምሽ መሆኑን ሳትነግሪኝ በሳቁ ዐወቅሁት፤ አንድ ዓይነት ነው የምትስቁት። ከገለጉ ወዲያ ካለው እርሻ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጥቶ፣ እጁ በሰሊጥ ነዶ ጠቁሮ፣ ወንበራችን ላይ ለመቀመጥ አፍሮ ነበር።

«አንቺ ውጪ» አለሽ። «እያየሽኝ ለእምዬ አላወራም። ታስቂኛለሽ።»

«ምን ልትል ነው ደሞ?»

«ሲደርሳት አብረሽ ትሰሚዋለሽ። ውጪ በቃ።»

ወጣሽና በሩ ላይ ቆምሽ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ጊዜ «እየቀዳ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ ራሴን ነቀነቅሁለት። ከዚያ አራት ደቂቃ ከምናምን ተናገረ።

በዚያው ሳምንት የጎንደሩ መንገድ ተዘጋና ድምፁ ሚሞሪ ላይ ሳይጫን ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ። ኅዳር ሲገባ ባየልኝን በወባ ትኩሳት ከእርሻው በትራክተር ጋሪ አመጡት። ሦስት ቀን ነው የቆየው። አስከሬኑን አገሩ ማድረስ አልተቻለምና እዚሁ ቀበርነው።

«መርዶ ሳይደርስ የሟች ሰላምታ አይቀድምም» ብለሽ ድምፁ እንዳይላክ አደረግሽ። ልክ ነበርሽ። «ደህና ነኝ» የሚል የልጇን ድምፅ ሰምታ በሳምንቱ መርዶ ቢመጣባት የትኛዋ እናት ትችለዋለች? ከመርዶውም በኋላ አንቺ ራስሽ ልትሰሚው አልደፈርሽም። «ሙት ዓመቱ ሲደርስ ወስጄ ከእምዬ ጋር እንሰማዋለን» አልሽኝ። «እስከዚያ እዚህ ይቀመጥ። ዋለ፣ አደራህን።»

«እዚህ የገባ ነገር አይጠፋም» አልሁሽ። ይህን ስል ወንበሬን ወደ ኋላ ለጥጬ እግሬን አጣምሬ ነበር። «በየቀኑ ቀትር ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ሌላ ዲስክ ላይ ባክአፕ ይገለብጣል። ይህ ቢቃጠል ያ አለ።»

ከዚያ ዲስኩ ማበጥ ጀመረ። ስንገዛው ሦስት ዓመት ይበቃናል ያልነው ዲስክ በየካቲት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ፎቶው፣ የሠርጉ ቪዲዮ፣ የሳሉጎቹ ድምፅ ሁሉ ተደምሮ መቶ ሰማንያ ጊጋ አይሞላም፤ ባክአፑ ግን የዲስኩን ሁለት ሺህ ጊጋ ሊደፍን ነው። ያን ሰሞን ያላደረግሁት የለም። የቫይረስ ማጽጃ አስኬድሁ። ትልልቁን ቪዲዮ አሳነስሁ። የማያስፈልገውን ሁሉ ለቅሜ ጣልሁ። ዛሬ ትንሽ ይወርድና በሦስተኛው ቀን መልሶ ያብጣል። ከዚያ አንቺን መጠርጠር ጀመርሁ። ከሱዳን ተሻግረው የሚመጡት ሴቶች በስልካቸው ያለውን እንድትገለብጪላቸው ያመጡልሽ ነበርና «ይህች ልጅ የሱዳን ሠርግ ቪዲዮ እየጫነችብን ነው» አልሁ በልቤ። ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። አለማግኘቴን ደብቀሽው እንደሆነ ቆጠርሁት።

በዚያው ሰሞን ግን አንቺ ነግረሽኝ ነበር።

«ዋለ፣ ይህ ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ዛሬ ስከፍተው ሁለት ሺህ ዘጠኝ ይላል። ምን ሆኖ ነው?»

«ሙቀቱ ነው። አስተካክለሽ ሥራሽን ሥሪ።»

እዚህ አገር ላልገባን ነገር ሁሉ ሙቀቱ ነው እንላለን። አንቺም እንዳልሁሽ አስተካከልሽ። የሱዳን ሰዎች ለወረቀታቸው በፎቶው ጠርዝ ላይ የፈረንጅ ቀን ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ 2024 ብለሽ ሞላሽ። በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ የከፈትሁት እኔ ነኝ። ቀበሌው ለመታወቂያ የሚቀበለው የሐበሻ ቀን ነው፤ ስለዚህ 2016 ብዬ ሞላሁ። ኢንተርኔት ቢኖር ኮምፒውተሩ ራሱ ያርመን ነበር። መብራት በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይሄዳል፤ አንድ ቀን አንቺ ትሞያለሽ፣ አንድ ቀን እኔ። ሁለታችንም ለደንበኞቻችን ስንል ነበር፤ ሁለታችንም ለሌላው አልነገርንም።

አሁን የማውቀውን ልንገርሽ። ባክአፑ የሚመራው በቀን ነው። አንድ ጊዜ ያለውን ሁሉ ይገለብጣል፤ ከዚያ ወር እስኪሞላ አዲስ የተጨመረውን ብቻ ያክላል፤ ወር ሲሞላ እንደገና ሁሉንም። አንቺ 2024 ስትዪው ስምንት ዓመት ያለፈ ይመስለውና ሁሉንም እንደ አዲስ ይገለብጣል። እኔ 2016 ስለው ደግሞ ትናንት የገለበጠው ገና ወደፊት የሚመጣ ይሆንበታል፤ ግራ ይጋባና አሁንም ሁሉንም ይገለብጣል። ያው መቶ ሰማንያ ጊጋ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ። አንድ ሰው አንዲት ስስ ጋቢ በላይ በላይዋ እየደረበ ቢተኛ እንደማለት ነው።

ያኔ ግን ይህን አላወቅሁም። በሚያዝያ ኮምፒውተሩም ዲስኩም ሲሞሉ ኢንጂነሩ እርምጃ ወሰደ። የሳሉጎቹን ድምፅ «ባክአፕ ላይ አለ» ብዬ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁ። ከዲስኩ ላይ የፈረንጅ ቀን የያዙትን ቅጂዎች በሙሉ በእጄ ሰረዝሁ፤ የአንቺ ስሕተት መስለውኝ ነበር። የእኔን ቀን የያዙትን አስቀረሁ። በመጨረሻም ዲስኩ ዳግመኛ እንዳይሞላ ፕሮግራሙን «ዓመት ያለፈውን ቅጂ ራስህ አጥፋ» ብዬ አዘዝሁት። በማግስቱ መብራት ሄዶ መጣ፤ አንቺ ከፈትሽና 2024 ብለሽ ሞላሽ። ፕሮግራሙ ሲያያቸው የእኔዎቹ ሁሉ የስምንት ዓመት አሮጌዎች ናቸው። እንዳዘዝሁት አጠፋቸው። ባየልኝ እነሱ ውስጥ ነበር።

ዲስኩ ባዶ መሆኑን ሳይ ደስ ብሎኝ ያን ቀን ምሳ ጋበዝሁሽ። «ምን ተገኘ ዛሬ?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር።

ጥቅምት 2017፣ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ፣ አዲስ ሚሞሪ ይዘሽ መጣሽ። ድምፁ ኮምፒውተሩም ላይ ዲስኩም ላይ የለም። ፊትሽ ሲለወጥ አየሁ፤ እኔም ደነገጥሁ። ድንጋጤዬ ግን ቶሎ ሌላ መልክ ያዘ። ጋሽ ትዕዛዙ ከጓሮ ሲመጡ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ባንተአምላክ መቀሱን እንደያዘ ብቅ ሲል፣ «ዲስኩን በሱዳን ሠርግ የሞላችው እሷ ናት። ቦታ ስትፈልግ የወንድሟን ድምፅ አብራ አጥፍታው ነው» አልሁ። ከአፌ ሲወጣ ለእኔም እውነት መሰለኝ።

«እኔ? ዋለ፣ እኔ?» አልሽ።

ጋሽ ትዕዛዙ ሰው ላይ መፍረድ አይወዱም። «እስቲ ተረጋጉ» አሉ። «ካልነካች በደጀ ሰላሙ ቆማ ትማል» ያልሁት እኔ ነኝ። ከብት ሲጠፋም ጆንያ ሲጎድልም የምናደርገው ነው፤ አልምልም ያለ ሰው በልቶ ነው ይባላል። ይህን እያወቅሁ ነው ያልሁት።

«ወንድሜን የቀበርሁበት ደጅ ላይ ቆሜ ስለ ዲስክ የእግዜርን ስም አልጠራም» አልሽ። አልጮኽሽም። «የምታምኑኝ ከሆነ እመኑኝ፤ ካልሆነም ይቅር።»

አለመማልሽ ተቆጠረብሽ። ባንተአምላክ ራሱን እየነቀነቀ ወደ ሱቁ ገባ። ጋሽ ትዕዛዙ «እንግዲያው ብትለያዩ ይሻላል» አሉ፤ የምትሄደው ለምን አንቺ እንደሆንሽ የጠየቀ ሰው የለም። በማግስቱ ሻንጣሽን ባጃጅ ላይ ስትጭኚ እኔ ማንም ያላዘዘውን ፎቶ እያተምሁ ነበር።

አንቺ ሄደሽ ዲስኩ ማበጡን ቀጠለ። የሱዳኖቹንም ሥራ አሁን የምሠራው እኔ ነበርሁና ለእነሱ 2024፣ ለቀበሌው 2017 እያልሁ ብቻዬን እገለባብጠው ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ፕሮግራሙ የገለበጠውንም ያጠፋውንም የሚመዘግብበትን ዝርዝር ከነቀኑ ወረቀት ላይ ጻፍሁት። 2017። 2024። 2017። 2024። እስክርቢቶውን አስቀመጥሁ። ኮምፒውተሩን ስፈታው የሰዓቱ ባትሪ፣ ሳንቲም የምታክል ነገር፣ ሞታለች። ከፊት ለፊታችን ካለው ሰዓት ሠሪ አምሳያዋን አምጥቼ ቀየርሁ። ቀኑ መዝለሉን፣ ዲስኩም ማበጡን አቆመ። «ቀኑን ይረሳል፤ ምን ሆኖ ነው?» ያልሽኝ ጊዜ ተነሥቼ አይቼው ቢሆን ኖሮ ነገሩ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንደኔ ያለው ነው።

ያን ቀን ልደውልልሽ ይገባኝ ነበር። ስልክሽ ነበረኝ። ነገ አልሁ። ነገ ደግሞ እሑድ ነበር፣ ሰኞ ሥራ በዛ፣ እያልሁ አንድ ወር አለፈ፤ አንድ ወር ካለፈ በኋላ «እስካሁን የት ነበርህ?» መባሉን ፈራሁ። አንድ ቀን ጋሽ ትዕዛዙ ስኒያቸውን እንደያዙ «ልጅቱ ከሄደች ወዲህ ዲስኩ ተስተካከለ፣ አይደል?» አሉኝ። «አዎ» አልሁ። ስርጉት፣ ካደረግሁት ሁሉ የማፍረው በዚህች «አዎ» ነው።

ባለፈው ወር ዋኘው ሱቅ መጣና ከደረት ኪሱ በክር የታሰረች ነጭ ቋጠሮ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። የእናትሽ አገር እስቴ የእሱም አገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

«እማማ አሰበች ናቸው የላኩልህ» አለኝ።

ፈታኋት። ባዶ ሚሞሪ ናት።

«'መተማ ፎቶ ቤት ዋለ የሚባል ልጅ አለ፤ የልጄን ድምፅ እሱ ዘንድ ነው ያስቀመጠችው' አሉኝ። 'ስርጉትን በጠየቅኋት ቁጥር ታለቅሳለች፤ ሳትሰማ አስጭንልኝ። ልጄን ባላየው እንኳ ልስማው' ብለውኛል። እንግዲህ እኔ መልእክተኛ ነኝ።»

እንደጠፋ አልነገርሻቸውም ማለት ነው። ዓመት ሙሉ «መተማ ተቀምጧል» እያልሽ የእኔን ጥፋት አንቺ ተሸክመሽዋል። ዋኘው የሰጠሁትን ውኃ ሳይጨርስ ተነሥቼ ጓሮ ገባሁና አለቀስሁ።

በማግስቱ ጠዋት ለጋሽ ትዕዛዙ ሁሉንም ነገርኋቸው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ። ከዚያም «ልጅቱን እደጃፍ ላይ ነው ያሳፈርናት። እዚያው ወጥተህ ተናገር» አሉኝ። ወጣሁ። ባንተአምላክን ጠራሁት፤ ሻይ የምትሸጠው አዛለችም፣ የባጃጅ ልጆቹም ነበሩ። ለምን እንደሄድሽ፣ ማን እንዳጠፋ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ተናገርሁ። ከዚያ ወዲህ ኢንጂነር ብሎ የጠራኝ የለም። ባንተአምላክ «እኔም ራሴን ነቅንቄባታለሁ፤ የእኔንም ጻፍላት» ብሎኛል፤ ይኸው ጻፍሁ። ጋሽ ትዕዛዙም «ቦታዋ አለ፤ እኔንም ይቅር ትበለኝ» ብለዋል።

ከዚያ ገለጉ ሄድሁ። ባዶ ሚሞሪ ለእናት መመለስ አልቻልሁም። ባየልኝ ከሠራበት እርሻ የደረስሁት በሁለተኛው ቀን ነው። ደሞዝ የሚባል የጎጃም ሰው አገኘሁ፤ ያን ዓመት ከባየልኝ ጋር አንድ ድንኳን ያደረ፣ ዘንድሮም ለአጨዳ የወረደ። ፎቶውም ይሁን ድምፁ ካለህ አልሁት።

«ፎቶስ የለኝም» አለ። «እሱ እቴ፣ መቀዳት ያፍር ነበር። የኔን ስልክ ቀምቶ ሌላውን መቅዳት ነበር ሥራው።»

ቀጥሎ ግን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ። የአርባ ሴኮንድ ቪዲዮ ነው። ትራክተር ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሰዎች ይገፋሉ። ባየልኝ አይታይም፤ ስልኩን የያዘው እሱ ነው። ድምፁ ግን ከሁሉም ይቀርባል። «ደሞዝ፣ ግፋ እንጂ፤ ሙሽራ መስለህ ቆምህ እኮ» ይላል። ይስቃል፤ ያንን የእናንተን ሳቅ። መጨረሻው ላይ ሳቁን ገታ ያደርግና «ይኼ ነገር እየቀዳ ነው?» ይላል። እዚያ ላይ ያበቃል።

ያ የአራት ደቂቃው መልእክት ይህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እሱ ላይመለስ ሄዷል። የማስታውሰውን በእኔ ድምፅ ቀድቼ ልጫን ብዬ ነበር፤ የልጃቸውን ቃል በአጥፊው አፍ ይስሙ ማለት ሆነብኝና ተውሁት። ለአንቺ እጽፈዋለሁ። «እምዬ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ጀመረ፤ ይህ እርግጥ ነው። ጥጃዋን እስክመጣ እንዳትሸጫት አለ፤ የቷን ጥጃ እንዳለ ግን ጠፍቶኛል። ስለ አባታችሁ መቃብር አጥር አንድ ነገር ተናግሯል፤ እሱንም አላስታውሰውም፤ ልፈጥርልሽ አልፈልግም። የሚከተለውን ግን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ሲናገር በሩ ላይ የቆምሽውን አንቺን እያየ ስለነበር ነው። «ስርጉትን አግኝቻታለሁ። ከኮምፒውተር ጋር ነው የምትውል። ሰዉ ያከብራታል፣ እምዬ። ለሷ አታስቢ።»

ይህን የሰማሁት እኔ ነኝ። ዓመት ቆይቼ እዚያው በር ላይ ያዋረድሁሽም እኔ ነኝ።

ቪዲዮውን እናትሽ በላኳት ሚሞሪ ላይ ጭኛለሁ። ሌላ ቅጂ ጋሽ ትዕዛዙ ዘንድ፣ ሌላም ደሞዝ ዘንድ አለ። ከመገልበጤ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን ሁለት ጊዜ አየሁ። ቋጠሮዋን በራሳቸው ክር መልሼ አስሬያታለሁ፤ ምን ብለሽ እንደምትሰጫቸው አንቺ ታውቂያለሽ። እውነቱን ራሴ መጥቼ ልንገራቸው ካልሽ በማግስቱ መንገድ እጀምራለሁ። አትምጣ ካልሽም አልመጣም። ይቅር በዪኝ ማለት ደግሞ ሁለተኛ አንቺን ማስጨነቅ እንዳይሆን አልለምንሽም፤ ሲመጣልሽ ይምጣ።

አንድ ነገር ብቻ። ሲሰሙት ብቻቸውን አትተያቸው። መጨረሻው ላይ «እየቀዳ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እናትሽ የሚመልሱለት ይመስለኛል። ያን ጊዜ እጃቸውን ያዢልኝ።

አደራሽን የበላው
ዋለ